ታካሚው አልፈለገም

ጋሽ ቆጣሪ ጢማቸውን ገና አጋምሰው፣ ግራ ጉንጫቸው በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ፣ አንድ ነገር አልፈልግም ማለታቸውን ሰሙ። የሰሙት ከመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ አናት ላይ ባለችው፣ መስታወቷ ከተሰበረ ወዲህ ካርቶን በተለጠፈባት ትንሽ መስኮት በኩል ነው። ከመስኮቷ ወዲያ ማድ ቤቱ አለ። ማድ ቤት ውስጥ ትልቋ ልጃቸው ለሻይ ውሃ ጥዳ ከወንድሟ ጋር በስልክ ታወራለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ሰው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ደግሞ የሰሚው ጆሮ ይቆማል።

«ነገርኳቸው አልኩህ እኮ» አለች። «ደውለው ጠየቁኝ፤ አባዬ አልፈለገም አልኳቸው፤ አለቀ።» ትንሽ ዝም ብላ አዳመጠችና፣ «እሱማ ምን ያውቃል? እንዳትነግረው ብቻ። በእማዬ ሞት፣ እንዳትነግረው» ብላ ዘጋችው።

ጋሽ ቆጣሪ ምላጩን እንደያዙ መስታወት ውስጥ ያለውን ሰውዬ አዩት። ሰሞኑን ምን ምን አልፈልግም እንዳሉ ለማስታወስ ሞከሩ። ወንድ ልጃቸው ሊገዛላቸው ያሰበውን ኮት አልፈልግም ብለዋል፤ ያለው ኮት ሳያልቅ ሌላ ኮት ምን ያደርጋል? ሁለተኛ ትራስም አልፈልግም ብለዋል። ጎረቤታቸው ያመጣችላቸውን የድመት ግልገልም አመስግነው መልሰዋል። ነገር ግን ስለ ኮትም፣ ስለ ትራስም፣ ስለ ድመትም ማንም ደውሎ አይጠይቅም። ልጃቸው ጋ እየደወለ ስለ እሳቸው የሚጠይቅ ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሆስፒታሉ ነው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። የእሳቸው ጆሮ ግን ለዛሬ ባዳነቱን ትቶ ዘመድ ሆኖላቸው ነበር። የቀረውን ጢም ቀስ ብለው፣ ሳይቆርጣቸው፣ ተላጩ።

ቁርስ ላይ ሻይና ዳቦ ቀርቧል። ልጃቸው ዳቦውን በሁለት ጣቷ አንስታ ብርሃን ላይ እያየችው፣ «ዋጋው ሲጨምር እሱ እየቀነሰ ነው አባዬ፤ በቅርቡ ዳቦ የምንበላው በአጉሊ መነጽር ነው» አለች። ሳቁላት። እሷም ሳቀች። እናትየው ከሞቱ ወዲህ፣ አራት ዓመት ሊሆን ነው፣ ልጅቷ የተከራየችውን ቤት ለቅቃ እሳቸው ዘንድ ገብታለች፤ በእነዚህ ዓመታት ሁለቱ ብዙ ነገር አውርተዋል፤ ስለ ዘይት ዋጋ፣ ስለ ጣራው ማፍሰስ፣ እሷ ስለምትሠራበት የፎቶ ኮፒ ሱቅና ስለ ባለ ሱቁ ንፍገት። ዝም ያሉትን ደግሞ ዝም ብለዋል። ከሻይ ብርጭቆው አጠገብ ሁለት እንክብሎች አስቀመጠችላቸው። «ለቁስለቱ» አለች፣ እንደ ሁልጊዜው። ሆዳቸውን ካመማቸው፣ በካሜራ ከታዩና ናሙና ከሰጡ ወዲህ፣ በቤቱ ውስጥ የበሽታቸው ስም ቁስለት ነው። እጇን አዩት። ጥፍሯ ላይ የፎቶ ኮፒው ቀለም አለ። ሊጠይቋት አሰቡና ተዉት። ቢጠይቋት ትዋሻለች፤ ልጃቸው ዓይናቸውን እያየች ስትዋሽ ማየት ደግሞ አልፈለጉም። ይሄን እንኳን በእርግጥም አልፈለጉም።

እሷ ወደ ሥራዋ እንደወጣች አሮጌ ኮታቸውን ደረቡ፤ መታወቂያቸውን ከመሳቢያ አውጥተው በደረት ኪሳቸው ከተቱና ወደ ታክሲ መያዣው ወረዱ። ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ ታሪፍ ጨምሯል ይላል፣ ተሳፋሪው መቼ ብሎ ይጮሃል፤ ጋሽ ቆጣሪ ግን በመስኮቱ የሚያልፉትን አጥሮች ያያሉ። አጥሮቹን አንድ በአንድ ያውቋቸዋል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሥራቸው የመብራት ቆጣሪ ማንበብ ነበር። በየሰፈሩ በር እያንኳኩ፣ በየጓሮው እየገቡ፣ ቁጥሩን አንብበው መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ። ስማቸው የወጣላቸው ከዚያ ነው። «ጋሽ ቆጣሪ መጣ፣ መብራት አጥፉ!» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር፤ እሳቸው በር ላይ ሲደርሱ ያጠፉት መብራት የወሩን ሂሳብ የሚቀንስ ይመስል። በስንቱ ቤት የታመመ ሰው አይተዋል፤ በስንቱ ቤት ቤተሰቡ ከበሽተኛው ተደብቆ ጓሮ ቆሞ ሲንሾካሾክ ደርሰዋል። ያኔ «ምስኪን፣ አያውቅም» ብለው አዝነው ወደ ሌላው በር አልፈዋል። ምስኪኑ አንድ ቀን እሳቸው ይሆናሉ ብለው አላሰቡም።

ሆስፒታሉ ድሮ የሚያውቁት አልነበረም። ድሮ ካርድ ክፍል የሚባል ጨለማ ክፍል ነበረ፤ ከወለል እስከ ጣራ በአቃፊ የተሞላ። ካርድ የሚያወጣው ሰውዬ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ አቧራ እያስነጠሰው፣ «ጠፍቷል፤ አዲስ ያውጡ» ይል ነበር። ሰው ሌሊት ወጥቶ ይሰለፍና ካርዱ ሳይገኝ መሽቶበት ይመለሳል። አሁን መሰላሉም አቃፊውም የለም። ባለ መስታወት መስኮቶች ተደርድረዋል፤ ከላይ ቀይ ቁጥር ይበራል፤ ሰው ቁጥሩን ይዞ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ጋሽ ቆጣሪ ገና ወንበሩ ሳይሞቅ ተራቸው ደረሰ። «እንዲህ ነው እንጂ» አሉ በሆዳቸው። ሥራ ሲቀላጠፍ ማየት ደስ የሚላቸው ሰው ናቸው።

መስኮቷ ጋ ያለችው መዝጋቢ ገና ለጋ ወጣት ናት። መታወቂያቸውን ተቀብላ ስማቸውን ጻፈች።

«ቀጠሮ አለዎት አባባ?»

«እሱን ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

ስክሪኑ ላይ ዓይኗን እያንከራተተች ስልክ ቁጥር አነበበችላቸው። የእሳቸው ሳይሆን የልጃቸው ነበር። የተመዘገቡ ጊዜ የእሳቸው ስልክ ተበላሽቶ ስለነበር ልጅቷ የራሷን ሰጥታለች፤ ከዚያ ወዲህ ሆስፒታሉ እሳቸውን ሲፈልግ የሚያገኘው እሷን ነው። «የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ተይዞልዎት ነበር» አለች መዝጋቢዋ። «ግን ተሰርዟል። ታካሚው አልፈለገም ይላል።»

«እንዲያው አልፈለገም? አልፈለጉም እንኳን አይልም?»

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። «ሲስተሙ አንቱታ አያውቅም አባባ።»

እሳቸውም ሳቁ። ሳቁ ከአፋቸው ሳይወርድ ግን ቃሉ ዘግይቶ ደረሰባቸው። ቀዶ ጥገና። ለቁስለት ሰው ሆዱን ይቀደዳል? መስኮቱን ያዝ አደረጉ። ልጅቷ ፊታቸውን አይታ ሳቋን ሰበሰበችና፣ ኮሪደሩን ተከትለው መጨረሻ ላይ የቀጠሮ ክፍል እንደሚያገኙ ነገረቻቸው፤ ከወንበሯ ብድግ ብላ በእጇም አሳየቻቸው።

የቀጠሮ ክፍል ጠባብ ናት። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ማራገቢያ፣ በአንደኛው ጠረጴዛ የጆሮ ማዳመጫ ያጠለቀች ነርስ፤ ሌላው ጠረጴዛ ባዶ። ግድግዳው ላይ «ባዶ የዋለ የቀዶ ጥገና ክፍል የሰው ዕድሜ ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ነርሷ ስልኩን እስክትጨርስ ቆመው ጠበቁ። ፈጣን ናት፤ ስም ትጠራለች፣ ቀን ትናገራለች፣ መልስ ትሰማለች፣ አንድ ቁልፍ ትጫናለች፣ ቀጣዩን ትደውላለች። ድሮ ታካሚ የተቆረጠለት ቀን ሳይመጣ ይቀርና ሐኪሞቹ ጓንት አጥልቀው ቁጭ ይሉ ነበር አሉ፤ አሁን አስቀድማ እየደወለች የማይመጣውን ታወጣና የሚመጣውን ትተካለች። በዚህ ብቻ በሳምንት የሚሠራው ቀዶ ጥገና ወደ እጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም። ይህን ራሷ ነገረቻቸው፤ የመጡት ለምስጋና መስሏት ሳይሆን አይቀርም።

«ጎበዝ፤ ተባረኪ» አሉ ጋሽ ቆጣሪ። መረቋት እንጂ አላፌዙባትም። ከዚያ ስማቸውን ነገሯትና፣ «አልፈለገም ያለሽ ማነው?» አሏት።

ነርሷ ስክሪኗን አየች። «ስልኩን ያነሳው ሰው ነዋ፣ አባባ።»

«ያነሳችው ሴት ናት።»

«ይሆናል።»

«እኔ ሴት እመስላለሁ?»

ነርሷ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየቻቸው፤ ኮታቸውን፣ በጥንቃቄ የተላጨውን ፊታቸውን፣ ጠረጴዛዋ ጫፍ ላይ ያረፈውን እጃቸውን። «ማን መለሰ የሚል ቦታ የለውም» አለች፤ ጥፋተኛም ተከላካይም በሆነ ድምፅ። «ተስማምቷል፣ አልፈለገም፣ ስልኩ አይሠራም። ያለኝ ይኸው ነው። ስንት ሰው እንደምደውል ቢያዩ።»

ጋሽ ቆጣሪ ሊቆጧት አልቻሉም። የእሳቸውም መዝገብ እንደዚሁ ነበር። ተነቧል፣ በር ዝግ ነው፣ ቆጣሪው ተበላሽቷል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ውሻው ክፉ ሲሆንባቸው «በር ዝግ ነው» ብለው የጻፉበት ቀን ጥቂት አይደለም፤ «ውሻ አለ» የሚል ቦታ አልነበረማ። ይህንን ሲነግሯት ነርሷ ሳታስበው ፈገግ አለች፤ ወዲያው ደግሞ ፈገግታዋ ጠፋ። «የመጡት ሕመምዎን ሳያውቁት ነው፤ አይደል?» አለች።

«አላውቀውም ልጄ።»

ተነስታ የክፍሏን በር ዘጋችና ራሷ እየመራች ሐኪሙ ዘንድ ወሰደቻቸው። በር ላይ የተሰለፈው ሰው አጉረመረመ። «አንድ ጊዜ ነው፤ ይቅርታ» እያለች በመካከላቸው አሳለፈቻቸው።

ሐኪሙ ዓይኑ ከእንቅልፍ ማጣት የቀላ ጎልማሳ ነው። ነርሷ ጆሮው ላይ ጎንበስ ብላ አንድ ሁለት ቃል ተናግራ ወጣች። እሱ ስማቸውን ከፍቶ አነበበ፤ አንብቦም ወደ እሳቸው አልዞረም። ውጪ በኮሪደሩ ሕፃን ያለቅሳል።

«ልጅዎ አብራዎት ብትመጣ ይሻል ነበር» አለ።

«ልጄ ምን ሆነች?»

«አይ፣ እሷማ ምንም አልሆነችም።»

«እንግዲያውስ የታመመውን አናግር።»

ሐኪሙ እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳ። ወንበሩን አዙሮ ጉልበቱ ከጉልበታቸው ሊነካካ እስኪደርስ ቀረበና ነገራቸው። ትልቁ አንጀታቸው ላይ ዕጢ አለ። ናሙናው ካንሰር መሆኑን አሳይቷል። እስከታየው ድረስ ወደ ሌላ አካል አልሄደም። ቢወጣ የመዳን ተስፋ አለው፤ ካልወጣ ውሎ አድሮ አንጀቱን ይዘጋል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ሁሉም ነገር ይከብዳል። በእሳቸው ዕድሜ ቀዶ ጥገናው አደጋ የለውም ሊላቸው እንደማይችልም ነገራቸው። ጋሽ ቆጣሪ አላቋረጡትም። ሲጨርስ፣ «ያምማል?» ብለው ጠየቁ፤ ማደንዘዣ ይሰጣል አላቸው። «ሳልነቃ ብቀርስ?» አሉ። «ሊሆን ይችላል» አለ ሐኪሙ። «ብዙዎቹ ግን ይነቃሉ።» ይህ መልስ ደስ አላቸው። ከሰሞኑ ከሰሙት ሁሉ ያልተቀባባ እሱ ብቻ ነበር።

«ለምን ያን ጊዜ አልነገርከኝም?»

«ልጅዎ ቀስ ብዬ እኔ ልንገረው አለችኝ። አመንኳት።» በሩን በዓይኑ አመለከተ። «ጊዜም አልነበረኝም አባባ፤ እውነቱን ለመናገር። መልሱ ሲመጣ ደግሞ አልፈለገም ይላል፤ አልፈለጉም ማለት ነው ብዬ ስሙን ዘግቼ ቀጣዩን ከፈትኩ። መጠየቅ ነበረብኝ።»

ጨብጠውት ወጡ። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር የሲሚንቶ መቀመጫ አለ፤ እዚያ ሄደው ተቀመጡ። ሞት መኖሩን ያውቁ ነበር፣ ማን የማያውቅ አለ፤ ነገር ግን ሆድ ውስጥ ቤት ሠርቶ፣ ጠዋት ጠዋት ሻይ አብሯቸው እየጠጣ መሆኑን አያውቁም ነበር። ልጃቸው ታውቃለች፣ ወንድ ልጃቸው ያውቃል፣ ሐኪሙ ያውቃል፣ ነርሷ ባታውቀውም ቁልፍ ተጭናበታለች። የማያውቀው ባለ ሆዱ ብቻ ነው። ፍርሃቱ ቀስ እያለ ሲረጋ ንዴቱ ተነሳ። ለልጃቸው የሚሉትን ቃል ማደራጀት ጀመሩ። «እኔ ዕቃ ነኝ ወይ?» ይሏታል። «ሳልሞት ነው እንዴ ቤቴን የወረሳችሁት?» ይሏታል። ሌላም፣ ከዚህ የከፋም አሰቡ።

ሚስታቸውም የሞቱት ከቀዶ ጥገና ነው። እዚህ ሳይሆን ሌላ ሆስፒታል። ያን ቀን ደም ያስፈልጋል ተብሎ እሳቸው ከተማውን አቋርጠው ደም ባንክ ሄደው ነበር። መንገዱ ተጨናንቆ ዘገዩ፤ የደሙን ከረጢት የያዘውን የበረዶ ሳጥን እንደ ሕፃን አቅፈው ሲመለሱ ሚስታቸው ገብተው ነበር፤ እንደገቡም ቀሩ። ጋሽ ቆጣሪ ስለዚያ ቀን ሲያስቡ የሚያስቡት መንገዱን ነው። የቆመውን መኪና፣ የትራፊኩን እጅ፣ በረዶ የተሞላውን ሳጥን። ከመንገዱ ወዲያ፣ ኮሪደሩ ውስጥ ምን እንደነበረ አስበውት አያውቁም።

ፀሐይዋ ከመቀመጫው ላይ እስክትሸሽ እዚያው ቆዩ። አንዲት ሴት አጠገባቸው ተቀምጣ ሙዝ ልጣ ግማሹን ሰጠቻቸው፤ ማን እንደሆነች አያውቁም፣ እሷም አልጠየቀቻቸውም። በሉት። ከዚያ ተነስተው ወደ ቀጠሮ ክፍል ተመለሱ።

«ምን ልጻፍ?» አለች ነርሷ። «ተስማምተዋል?»

«ዛሬ እሺም እምቢም አልልም። ገና ዛሬ እኮ ነው የሰማሁት።»

«ሲስተሙ አንዱን ካልመረጥኩ አያሳልፈኝም።» ከንፈሯን ነክሳ ወደ ታች ወደ ታች ወረደች። «ማስታወሻ የሚል ባዶ ቦታ አለው። ማንም አይጽፍበትም እንጂ።» ጻፈች። ስትጨርስ ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዙራ አነበበችላቸው፤ «ታካሚው ራሳቸው ቀርበዋል። ለመወሰን እስከ ሐሙስ ጊዜ ጠይቀዋል። ከራሳቸው በቀር ከማንም መልስ አይወሰድ።» የልጃቸውን ቁጥር አጥፍታ የእሳቸውን አስገባች። የተያዘላቸው ቦታ ለሌላ ሰው መሰጠቱን፣ ሐሙስ እሺ ካሉ ግን በሚቀጥለው ሳምንት እንደምታስገባቸው ነገረቻቸው።

«ለማን ተሰጠ?»

«ለአንዲት እናት።»

«እግዜር ይማራት» ብለው ወጡ። በሩን ሳይዘጉት የነርሷን ድምፅ ሰሙ። ቀጣዩን ደውላለች፤ ግን እንደ ጠዋቱ አልፈጠነችም። «ሃሎ፤ ይቅርታ፣ ታካሚው ራስዎ ነዎት? ... እንግዲያው እሳቸውን ያገናኙኝ፤ እጠብቃለሁ» ትላለች።

ቤት ሲደርሱ ልጃቸው አልገባችም። ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ሳሎን ተቀመጡ። ሳሎኑ ትንሽ ነው፤ ሁለት ሶፋ፣ አንድ መደርደሪያ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ዳንቴል። ያሰቡትን ቃል ደግመው ደጋግመው አሹት። ሲመሻሽ በሩ ተከፈተ። ሽንኩርት የያዘ ፌስታል በእጇ አለ። «ይሄን አየኸው አባዬ? ሽንኩርት በወርቅ ሚዛን ሊሸጥ ነው» እያለች ገባች፤ መብራቱንም አበራችው። ኮታቸውን እንደለበሱ ስታይ ቆመች።

«ዛሬ ሆስፒታል ሄጄ ነበር» አሉ።

ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጠችው። አንድ ሽንኩርት ተንከባልሎ ሶፋው ሥር ገባ፤ ሁለቱም አዩት፣ ማንም አላነሳውም። ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ከጎረቤት የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል፤ ዜና አንባቢው ስለ አየር ሁኔታ ይናገራል፤ ነገ ደመናማ ነው። ጋሽ ቆጣሪ የጠበቁት ልቅሶ ነበር፤ ወይ ክህደት። እሷ ግን እንደ ተማሪ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች።

«እኔ ዕቃ ነኝ ወይ?» አሉ። ካዘጋጁት ውስጥ የወጣላቸው ይሄ ብቻ ነው፤ የወጣውም እንዳሰቡት ጮክ ብሎ አይደለም።

«ለእማዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለች።

አልገባቸውም።

«አንተ ደም ልታመጣ ሄደህ ነበር። ሐኪሙ ወረቀት ይዞ ወጣ። የቅርብ ዘመድ ማነው፣ ይፈርም፣ ጊዜ የለም አለ። ወንድሜ ወደ ኋላ አለ። አባዬ ይምጣ አልኩ፤ አይደርስም አሉኝ። ፈረምኩ። እሺ ብዬ ፈረምኩ። ከዚያ ያው ነው። ማንም ማን ፈረመ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። አንተም አልጠየቅከኝም። አልቅሰን ቀበርን፤ ድንኳኑ ፈረሰ፤ እኔ ዕቃዬን ይዤ እዚህ ገባሁ። ያቺ ልጅ ስትደውልልኝ፣ ተስማምቷል ወይስ አልፈለገም ስትለኝ፣ ሱቅ ውስጥ ሰው ተሰልፎ፣ ማሽኑ ይጮሃል፣ እኔ እጄ ደነዘዘ አባዬ። ሁለተኛ እሺ ልል አልቻልኩም። አልፈለገም አልኩ። ዘጋሁ። ከዘጋሁ በኋላ ምን እንዳደረግኩ አወቅኩ፤ ግን መልሼ መደወል አልሆነልኝም።»

ጋሽ ቆጣሪ ኮታቸውን ማውለቅ ጀመሩ፤ አንዱ እጅጌ ያዛቸው፤ ተነስታ ጎትታ አወጣችላቸው። አጠገባቸው ቀረች። ያደራጁት ንዴት የት እንደገባ አላወቁም። አራት ዓመት አብረው አንድ ማዕድ ሲቆርሱ፣ ስለ ዘይትና ስለ ጣራ ሲያወሩ፣ ይህች ልጅ ይህን ተሸክማ ጠዋት ሻይ ታፈላ ነበር። እሳቸው ደግሞ መንገዱን፣ ትራፊኩንና የበረዶውን ሳጥን ሲያስቡ ከርመዋል።

«ስሚ» አሉ። «ሐሙስ እሺ ልል ነው። አስቤበታለሁ፤ መንገድ ላይ ወሰንኩ። እምቢ ብዬ ቤት ቁጭ ብል ማታ ማታ ሆዴን ሳዳምጥ ልሞት ነው። የምፈርመውም እኔ ነኝ። በራሴ እጅ፣ በራሴ ስም። አንቺ እስክሪብቶ እንኳን አታቀብይኝም።»

«ብትሞትስ?»

«ያን ጊዜ ማን ነው የፈረመው ብለሽ ጠይቂያቸው። ሟቹ ራሱ ነው ይሉሻል።»

ልጅቷ ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ተሰብሮ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ ግንባሯን ትከሻቸው ላይ ደፋች፤ እሳቸውም የመዳፋቸውን ጀርባ ራሷ ላይ አሳረፉ፤ ከልጅነቷ ወዲህ እንዲህ አድርገው አያውቁም ነበርና መጀመሪያ እጃቸው አፈረ። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ጠራ። ወንድሟ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ።

«የዚያን ቀን ነገር ንገሪኝ» አሉ ጋሽ ቆጣሪ። «እኔ ከሄድኩ በኋላ ያለውን። ከመጀመሪያው ጀምሪ፤ ምንም አትዝለይ።»

ቀና ብላ ፊቷን በእጇ ጠረገች።

«አንተ ከወጣህ በኋላ እማዬ ፀጉሬን ሥሪልኝ አለችኝ» አለች። «ሰው ፊት እንዲህ ሆኜ አልገባም አለች። ማበጠሪያ ከነርሶቹ ተዋስኩ።»